ከባድ ድንጋይን የፈታው መድኃኒት ቀማሚ፡ የካርል ሼለ ሕይወት

ሞያሌ፣ ኬንያ

ሞያሌ የሚለውን ስም ሁለት ከተሞች ይጋሩታል፤ አንዷ በኢትዮጵያ፣ ሌላዋ በኬንያ። በመካከላቸው ድንበር ቢያልፍም ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል፤ ነጋዴም ደንበኛውን ያገኛል። በገበያው ቦረንኛ፣ ሶማሊኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማሉ። የኬንያዋ ሞያሌ ከአገሯ ዋና ከተማ እጅግ የራቀች በመሆኗ ለዓመታት ብርሃኗን ያገኘችው ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግሮ ከሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

ያ ኃይል የቀድሞዎቹን የመስታወት አምፖሎች ሲያበራ፣ በእያንዳንዱ አምፖል ውስጥ የሚግለው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ታንግስተን ከተባለ ብረታ ብረት የተሠራ ነበር። ዛሬ እነዚያ አምፖሎች በአዳዲሶቹ እየተተኩ ቢሆንም ታንግስተን ከአካባቢው አልራቀም። በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ደረቅ ምድር ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ማሽኖች ጠንካራውን አለት የሚሰብሩት፣ ታንግስተን ከካርቦን ጋር ተዋህዶ በሚፈጥረው እጅግ ጠንካራ ቁስ በተሠራ ጥርሳቸው ነው።

ወደዚህ ብረታ ብረት ያደረሰው የምርምር ጉዞ ግን በታላቅ ዩኒቨርሲቲ አልተጀመረም። ወሳኙን እርምጃ የተራመደው በአንዲት አነስተኛ የስዊድን ከተማ ቅባትና ሽሮፕ እየቀመመ የሚያድር የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበር። ካርል ቪልሄልም ሼለ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። የኖረውም 43 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ አጭር ዕድሜው ግን ኦክስጅንን፣ ክሎሪንንና ሌሎች በርካታ ንጥረ ነገሮችን ለማወቅ በር ከፍቷል። ለብዙዎቹ ግኝቶች ሙሉ ክብሩን ያገኙት ሌሎች ሲሆኑ፣ ዋጋውን በጤናው ሳይከፍል እንዳልቀረ ይታመናል።

በሁለት አገሮች መካከል የተወለደ ልጅ

ሼለ የተወለደው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1742 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ስትራልሱንድ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ የጀርመን ብትሆንም በዚያን ጊዜ በስዊድን ዘውድ ሥር ነበረች። ነዋሪዎቿ የሚናገሩት ጀርመንኛ፣ ግብር የሚከፍሉት ግን ለስዊድን ንጉሥ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለቱም አገሮች ሼለን እንደ ልጃቸው ይቆጥሩታል። እንደ ሞያሌ ባለ የድንበር ከተማ ላደገ ሰው እንዲህ ያለው ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

አባቱ ነጋዴ ነበር። ቤተሰቡ 11 ልጆች ያፈራ ሲሆን ካርል ሰባተኛው ነው። ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚልክ አቅም በቤቱ ስላልነበረ፣ በዘመኑ ልማድ ሙያ እንዲለምድ ተደረገ። በ1757፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በምዕራብ ስዊድን በምትገኘው የጎተንበርግ የወደብ ከተማ ማርቲን ባውክ ለተባለ መድኃኒት ቀማሚ በተለማማጅነት ተሰጠ።

በዚያ ዘመን መድኃኒት ቤት ከሱቅነት በላይ ነበር። መድኃኒት የሚወቀጠው፣ የሚጣራውና የሚነጠረው እዚያው በመሆኑ ምድጃ፣ ማጣሪያ፣ ሚዛንና የልዩ ልዩ ጨዎች ክምችት ነበረው። ባውክ ደግሞ የኬሚስትሪ መጻሕፍትን የሚያከማች ሰው ነበር። ተለማማጁ ቀን የታዘዘውን ይሠራል፤ ሌሊት መጻሕፍቱን እያነበበ በውስጣቸው የተገለጹትን ሙከራዎች አንድ በአንድ ይደግማል። የተጻፈውን እንዳለ ከመቀበል ይልቅ በገዛ እጁ መፈተሽን የለመደው ያኔ ነው። አሠሪው የልጁ ትጋት ጤናውን እንዳይጎዳ ሠግቶ ለወላጆቹ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር።

በጎተንበርግ ስምንት ዓመት ቆየ። ባውክ በ1765 መድኃኒት ቤቱን ሲሸጥ ሼለ ወደ ማልሞ፣ ከዚያ ወደ ስቶክሆልም፣ በ1770 ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ከተማ ኡፕሳላ ተዛወረ። በሁሉም ቦታ የተቀጠረው በመድኃኒት ቤት ነው። በኡፕሳላ ግን ዕጣ ፈንታውን ከቀየሩ ሁለት ሰዎች ጋር ተገናኘ። አንደኛው የማዕድን ባለሙያው ዮሃን ጎትሊብ ጋን፣ ሁለተኛው በዘመኑ በመላው አውሮፓ የታወቀው የኬሚስትሪ መምህር ቶርበርን በርይማን ናቸው። ከበርይማን ጋር ያቀራረበው አንድ እንቆቅልሽ ነበር። መምህሩ ከመድኃኒት ቤቱ የገዛው፣ ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግለው ጨው ከጋለ በኋላ ከኮምጣጤ አሲድ ጋር ሲገናኝ ቀይ ጭስ ያወጣ ጀመር። ምክንያቱን የተማሩት ሰዎች ሊያብራሩ አልቻሉም፤ ያብራራው ሼለ ነበር። ከዚያ በኋላ መምህሩና የመድኃኒት ቤቱ ተቀጣሪ የምርምር ባልደረቦች ሆኑ።

ቀዳሚነቱን ያጣበት አየር

በዘመኑ ኬሚስቶች ዘንድ ገዥ የነበረው አስተሳሰብ፣ ነገሮች ሲቃጠሉ ፍሎጂስተን የተባለ ረቂቅ ባሕርይ ከውስጣቸው ይወጣል የሚል ነበር። ሼለ እሳት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሲል አየርን ማጥናት ጀመረ። በ1771 እና በ1772 ልዩ ልዩ ቁሶችን በማጋል ሻማ ከተለመደው አየር እጅግ አብልጦ የሚነድበት የአየር ዓይነት አገኘ። የእሳት አየር ሲል ሰየመው። ዛሬ ኦክስጅን የምንለው ነው።

ግኝቱን በመጽሐፍ መልክ አዘጋጀው። ነገር ግን አሳታሚው አዘገየው፤ የበርይማን መቅድምም እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ሆነ። መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው በ1777 ነው። በመካከሉ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 ያንኑ አየር በራሱ መንገድ አግኝቶ ውጤቱን ቀድሞ አሳተመ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚየ ደግሞ የጋዙን ትክክለኛ ባሕርይ በመረዳት ኦክስጅን የሚለውን ስም ሰጠው፤ በዚህም የፍሎጂስተንን እሳቤ አፈረሰ።

ሼለ መስከረም 30 ቀን 1774 ለላቯዚየ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አየር እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ገልጾለት ነበር። መልስ ማግኘቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ደብዳቤው ለሕዝብ ይፋ የሆነው ሁለቱም ሰዎች ካለፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዛሬ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ሼለ ኦክስጅንን ቀድሞ እንዳገኘ፣ ፕሪስትሊ ቀድሞ እንዳሳተመ፣ ላቯዚየ ደግሞ ምንነቱን ቀድሞ እንደተረዳ ይስማማሉ። ሼለ ራሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ከፍሎጂስተን እሳቤ አልወጣም። እጁ ከዘመኑ ቀድሞ ቢሄድም ማብራሪያው የዘመኑ እስረኛ ሆኖ ቀረ።

የሾፒንግ ከተማ ሰዎች

በ1774 ሼለ ስለ ማንጋኒዝ ማዕድን ያቀረበው ጥናት ብቻውን የአንድን ተመራማሪ ስም ሊያስጠራ የሚበቃ ነበር። በዚህ ጥናት ቢጫ አረንጓዴ መልክ ያለውን፣ ጉሮሮ የሚያፍነውንና ቀለም የሚያነጣውን ጋዝ ገለጸ። ይህ ጋዝ በኋላ ክሎሪን ተብሎ የተጠራው ሲሆን፣ ዛሬ ከትልልቅ ከተሞች የውኃ ማጣሪያ እስከ ገጠር መንደር የውኃ ማከሚያ እንክብል ድረስ ሕይወት ያድናል። በዚያው ጥናት ባሪየም የተባለው ንጥረ ነገር መኖሩም ተመለከተ፤ ጋን ደግሞ ማንጋኒዝን ነጥሎ አወጣ።

በየካቲት 1775 የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ ሼለን አባል አድርጎ መረጠው። ያኔ የመድኃኒት ቀማሚነት ፈተናውን እንኳ ገና አላለፈም ነበር። አካዳሚው የጠበቀው ምናልባት ወደ ትልቅ ከተማ እንዲመጣ ይሆናል። እሱ ግን በዚያው ዓመት ባለቤቱ የሞተበትን መድኃኒት ቤት ለማስተዳደር ከስቶክሆልም በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ትንሿ ሾፒንግ ሄደ።

የሟቹ ባለቤት ሳራ ማርጋሬታ መድኃኒት ቤቱን ለሌላ ሰው ልትሸጥ በተነሣች ጊዜ የከተማዋ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ሼለ ከእነሱ ጋር እንዲቆይ ፈለጉ፤ መድኃኒት ቤቱም በመጨረሻ የእሱ ሆነ። በ1777 ወደ ስቶክሆልም ተጉዞ ፈተናውን አለፈ፤ በአካዳሚውም ወንበሩን ያዘ። ከዚያ ወደ ሾፒንግ ተመለሰ። በአካዳሚው ስብሰባ የተገኘው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪ ዕድሜውን ሙሉ ግኝቶቹን በጽሑፍ እየላከ ከመድኃኒት መደርደሪያዎቹ ሳይርቅ ኖረ።

የከባዱ ድንጋይ ምሥጢር

በስዊድን የማዕድን ጉድጓዶች አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ ይገኝ ነበር። መልኩ ተራ ቢሆንም በእጅ ሲመዘን ከሚጠበቀው በላይ ይከብዳል። ስዊድናውያን ታንግስተን አሉት፤ በቋንቋቸው ከባድ ድንጋይ ማለት ነው። የማዕድን ሊቁ አክሰል ፍሬድሪክ ክሮንስቴት በ1751 ይህን ድንጋይ ቢገልጸውም በውስጡ ምን እንዳለ አላወቀም። ከክብደቱ የተነሣ የብረት ወይም የቆርቆሮ ማዕድን የመሰላቸው ጥቂት አልነበሩም።

ሼለ በ1781 ባሳተመው ጥናት ድንጋዩን በአሲድ ፈታው። ከውስጡ ያገኘው ብረትም ቆርቆሮም አልነበረም። አንደኛው ክፍል ማንኛውም ግንበኛ የሚያውቀው ኖራ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ደማቅ ቢጫ ዱቄት ሲሆን፣ ይህ ዱቄት ከዚያ ቀደም ተለይቶ ከማይታወቅ አሲድ የመጣ መሆኑን ተረዳ።

ጥርጣሬ የሚያስነሣ ነገር ግን ነበር። ሼለ ከሦስት ዓመት በፊት ሞሊብዲክ አሲድ የተባለ ሌላ አዲስ ቁስ አግኝቶ ነበር። ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ያው አንዱ ነገር ቢሆንስ? ሼለ ጎን ለጎን ፈተናቸው። የቀድሞው በእሳት ላይ በቀላሉ ይቀልጣል፤ ይተንናልም። አዲሱ ግን ሙቀትን ይቋቋማል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ። ያንኑ አሲድ መልሶ ከኖራ ጋር ሲያገናኘው ደግሞ ከባዱ ድንጋይ የተሠራበት ቁስ ተመለሰ። አንድን ነገር ፈትቶ መልሶ መግጠም ከቻሉ፣ ስለ ምንነቱ የሚቀር ክርክር አይኖርም።

በርይማን በዚሁ ጊዜ ባቀረበው ማስታወሻ ይህ አሲድ በውስጡ አዲስ ብረታ ብረት ሳይሸሽግ አልቀረም የሚል ግምቱን ገለጸ። ግምቱን ለማረጋገጥ ግን አሲዱን ከከሰል ጋር ቀላቅሎ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ያስፈልግ ነበር። የሾፒንግ መድኃኒት ቤት ምድጃ ለዚህ አይበቃም። ሼለ በሞሊብዲነም ጊዜም ይኸው ችግር ገጥሞት ሥራውን ለወዳጁ ፔተር ያኮብ ዬልም አሳልፎ ሰጥቶ ነበር፤ ብረታ ብረቱን ነጥሎ በማውጣት የሚታወቀውም ዬልም ነው።

ከስፔን የመጣው እንግዳ

በ1782 አንድ ወጣት ስፔናዊ ወደ ስዊድን መጣ። ስሙ ኹዋን ኾሴ ኤሉያር ሲሆን፣ የስፔን መንግሥት ወደ ሰሜን አውሮፓ የላከው የመድፍ አሠራር ምሥጢር እንዲቀስም ነበር። እግረ መንገዱን በኡፕሳላ የበርይማንን ትምህርት ተከታተለ፤ ወደ ሾፒንግም ሄዶ ሼለን ጎበኘ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ከወንድሙ ከፋውስቶ ጋር በባስክ ምድር በምትገኘው የቤርጋራ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ወንድማማቾቹ የመረጡት ሌላ ማዕድን ነበር፤ የጀርመን ቆፋሪዎች ቮልፍራም የሚሉትን ጥቁር ድንጋይ። በውስጡም ሼለ የገለጸውን ያንኑ አሲድ አገኙ። በ1783 አሲዱን ከከሰል ጋር በኃይለኛ እሳት አግለው ለመጀመሪያ ጊዜ ብረታ ብረቱን አወጡ። ለዚህ ነው ንጥረ ነገሩ እስከ ዛሬ ሁለት ስም ያለው። በእንግሊዝኛ ታንግስተን ሲባል፣ በጀርመንኛና በሌሎች ቋንቋዎች ቮልፍራም ይባላል፤ የኬሚስትሪ ምልክቱም የተወሰደው ከዚህ ከሁለተኛው ስም ነው። ሼለ የፈታው ማዕድን ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለእሱ መታሰቢያ ሼላይት ተብሎ ተሰየመ።

ሼላይት ሼለ ራሱ ያላየው አንድ ባሕርይ አለው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታ በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ዛሬም ማዕድን ፈላጊዎች ይህን ብርሃን ይዘው በሌሊት ይፈልጉታል።

ምላስን እንደ መሣሪያ

በሼለ ዘመን የአንድን ቁስ ምንነት የሚለይ ዘመናዊ መሣሪያ አልነበረም። ኬሚስቶች በዓይናቸው ያዩ፣ በአፍንጫቸው ያሸቱ፣ በምላሳቸውም ይቀምሱ ነበር። ሼለ ከዚህ ልማድ አልተለየም። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከፕሩሺያን ሰማያዊ ቀለም ያገኘውን፣ በጥቂት መጠን ሰው የሚገድለውን ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሲገልጽ ስለ ሽታውና ስለ ጣዕሙ ጭምር ጽፏል። ከአርሰኒክ፣ ከባዘቃና ከእርሳስ ጋር በየዕለቱ ይሠራ ነበር። ክሎሪንን ያጠናው በቂ የአየር ማስወጫ በሌለው ክፍል ነው።

ከአርሰኒክና ከመዳብ የቀመመው ደማቅ አረንጓዴ ቀለም በስሙ ተጠርቶ በአውሮፓ ተወዳጅ ሆነ። የቤት ግድግዳ ወረቀት፣ ልብስና መጫወቻ በዚህ ቀለም ይጌጥ ነበር። መርዛማ መሆኑን ሼለ ያውቅ ነበር፤ ገዢዎች ሊያውቁት እንደሚገባም አሳስቧል። ገበያው ግን አልሰማም። ቀለሙ ከእሱ ሞት በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤቶችን ሲመርዝ ቆየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የግኝቶቹ ዝርዝር ይረዝም ነበር። ከሎሚ ሲትሪክ አሲድን፣ ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን፣ ከፖም ማሊክ አሲድን ለየ። ከዘይት ግሊሰሪንን አወጣ። ከጋን ጋር በመሆን ፎስፈረስ ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት ሊገኝ እንደሚችል አሳየ።

በ1785 መገባደጃ ጤናው ይታወክ ጀመር። ኩላሊቱንና መገጣጠሚያዎቹን አመመው፤ ቆዳውም ተጎዳ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሞቱ መቃረቡን ባወቀ ጊዜ፣ መድኃኒት ቤቱ ከእጇ እንዳይወጣ በማሰብ ሳራ ማርጋሬታን በሕግ አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 21 ቀን 1786፣ አረፈ። የሞቱ ምክንያት በዘመኑ ሕክምና በውል አልተለየም። ሆኖም ለዓመታት የነካቸው፣ ያሸተታቸውና የቀመሳቸው መርዞች ዕድሜውን እንዳሳጠሩት ብዙዎች ያምናሉ።

ከእሱ በኋላ

ታንግስተን ከግኝቱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ እምብዛም ሥራ ያልተገኘለት ብረታ ብረት ነበር። ከብረታ ብረቶች ሁሉ የመጨረሻው ከፍተኛ የሆነው የማቅለጫ ሙቀቱ 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህም ለመቅረጽ አስቸጋሪ አደረገው። በ1904 ሻንዶር ዩስትና ፍራንዮ ሃናማን ከታንግስተን የአምፖል ሽቦ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ ታንግስተንን እንደ ክር መሳብ የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። በ1920ዎቹ ደግሞ በጀርመን ከታንግስተንና ከካርቦን የተሠራው ጠንካራ ቁስ የብረት መቁረጫንና የአለት መሰርሰሪያን ሥራ ለወጠው።

የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪም ፈለገው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛዋ ፖርቱጋል ማዕድኑን ለሁለቱም ተፋላሚ ወገኖች ሸጣለች። ዛሬ ከዓለም ምርት አብዛኛውን የምትይዘው ቻይና ናት። ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሩዋንዳ የታወቀች አምራች ስትሆን፣ ከምሥራቅ ኮንጎ የሚወጣው ታንግስተን ታጣቂዎችን እንዳይደግፍ በሚል በዓለም አቀፍ ሕጎች ክትትል ከሚደረግባቸው ማዕድናት አንዱ ነው።

ወርቅ ለሚገበያዩ ሰዎችም ታንግስተን ስጋት አለው። የሁለቱ ክብደት በመጠናቸው ሲሰላ እጅግ ይቀራረባል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን ታንግስተን 19.25 ግራም ይመዝናል። በወርቅ የተለበጠ ተራ ብረት በሚዛን ይጋለጣል፤ በወርቅ የተለበጠ ታንግስተን ግን ሚዛንን ሊያታልል ይችላል።

ለሞያሌ አካባቢ ግን ከሼለ ሕይወት የሚቀርበው ትምህርት ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በዳበል፣ ሂሎ በተባለው ቦታ፣ ወጣቶች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ እየመጡ ወርቅ ሲቆፍሩ ነበር። በ2024 በደረሰ የመሬት መደርመስ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የኬንያ መንግሥት ቁፋሮውን ዘግቷል። በብዙ የአፍሪካ ባሕላዊ የወርቅ ሥፍራዎች ደግሞ አሁንም ወርቁ ከአፈር የሚለየው በባዘቃ ነው። ሠራተኛው ባዘቃውን በባዶ እጁ ይለውሳል፤ በእሳት ሲያተነውም ጭሱን ይተነፍሳል። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ይህን ለመቀነስ የታለመ ነው።

ሼለ የባዘቃን አደጋ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ባለሙያም አልነበረም። በዛሬው ቆፋሪ እጅ ያለው ባዘቃ ግን ጉዳቱ ከታወቀ ቆይቷል። ያልደረሰው ዕውቀቱ ነው፤ ወይም ዕውቀቱ ደርሶ አማራጩ አልደረሰም።

በስቶክሆልምና በሾፒንግ ለሼለ ሐውልት ቆሞለታል። መታሰቢያው ግን ከሐውልቱ ይልቅ በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ አለ። በሞያሌ አንዲት እናት ውኃዋን በክሎሪን ስታክም፣ የጉድጓድ ቆፋሪው ማሽንም አለቱን ሰንጥቆ ውኃ ጋ ሲደርስ፣ የዚያ የትንሽ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የሌሊት ድካም አብሮ አለ።